ልጆቻችን የሚሠሩት አስተርጓሚ



ልጆቻችንን «ሥራችሁ ምንድን ነው?» ስንላቸው «ሃይቴክ ነው እማዬ» ይሉናል፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። ሥራቸው ሸክላ ወይም ብረት ቅጥቀጣ ቢሆን ኖሮ እኮ ስንት ጥያቄ እንጠይቃቸው ነበር! ሰሞኑን የአንዳችን ልጅ፣ ሼደር ኮምፓይለር የሚባል ነገር የምትሠራ፣ ቡና ላይ ቁጭ ብላ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዕብራይስጥ አስረዳችን። የገባንን ለእናንተም እናካፍል ብለን ነው።

ሼደር ማለት ስክሪን ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ምን ቀለም ይኑረው ብሎ የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በልጆች ጨዋታ ውስጥ ውሃው ሲያብረቀርቅ፣ ጥላው ሲያርፍ የምናየው በእሱ ነው። 1,920 በ1,080 የሆነ ስክሪን ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው። ሥዕሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይሰላል ማለት ነው። ይህን የሚችለው ጂፒዩ የሚባለው ክፍል ነው፤ እሱ ግን ሰው የጻፈውን አያነብም። ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል፤ ኮምፓይለር ማለት እሱ ነው።

ሥራው በተርታ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉን ቃል በቃል ይለያል። ቀጥሎ ቃላቱን እንደ ግንድና ቅርንጫፍ ያያይዛል፤ ማባዛቱ ይቅደም ወይስ መደመሩ የሚለው እዚህ ይታወቃል። ከዚያ ትርጉሙን ይመረምራል። ለቀለም 4 ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ 3 ብቻ ቢሰጡት በግምት አያልፍም፤ ቆሞ «በዚህ መስመር ላይ ስህተት አለ» ይላል።

አሁን መካከለኛ ቋንቋ የሚባለው ይመጣል። የሼደር ቋንቋው ብዙ ነው፣ የካርዱም ዓይነት ብዙ ነው። 3 ቋንቋና 5 ዓይነት ካርድ ቢኖር 15 አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ሁሉም በአንድ መካከለኛ ቋንቋ ቢገናኙ ግን 3 ወደዚያ፣ 5 ከዚያ፣ በድምሩ 8 ይበቃል። ድሮ የካርዱ ድራይቨር ጽሑፉን ራሱ ይተረጉም ስለነበር አንዱ የተቀበለውን ሌላው አይቀበልም ነበር። በ2015 ክሮኖስ የተባለው የኩባንያዎች ማኅበር ስፒር-ቪ የሚባለውን መካከለኛ ቋንቋ አወጣ። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ስሌት የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ከየት መጣ፣ ወዴት ሄደ ብሎ መከታተል ቀላል ነው።

ከዚያ ማቃለል ይከተላል። ማንም የማይጠቀምበትን ስሌት ይጥላል፤ መልሱ አስቀድሞ የሚታወቀውን አንዴ አስልቶ ይጨርሳል። በመጨረሻ ድራይቨሩ ወደ ራሱ ካርድ ቋንቋ ይለውጠዋል። ካርዱ ቁጥር የሚይዝባቸው ቦታዎች፣ ሬጅስተር የሚሏቸው፣ ውስን ናቸው። ምድጃው ጥቂት ድስቱ ብዙ ሲሆን የቱ ይጣድ፣ የቱ ይውረድ ብለን እንደምናስበው ነው። አንዱ ፕሮግራም ብዙ ቦታ ከያዘ ባንድ ጊዜ የሚሠሩት ያንሳሉ፤ ሥዕሉም ይንቀራፈፋል።

ይህን ስንሰማ ትዝ ያለን ሌላ ነው። እነዚህ ልጆች በ10 ዓመታቸው በእኛና በሐኪሙ፣ በእኛና በባንኩ ጸሐፊ መካከል ቁጭ ብለው ያስተረጉሙልን ነበር። ሐኪሙ ብዙ ተናግሮ ልጁ «ደህና ነሽ ይልሻል» ብሎ ያሳጥረዋል። ያልገባውን ቃል «ቆይ፣ ይህ አልገባኝም» ብሎ ትልቅ ሰው ማስቆም ለሕፃን ከባድ ነው። ኮምፓይለር ግን ሥራ እንዲያሳጥር እንጂ መልሱን እንዲለውጥ አይፈቀድለትም፤ ያልገባውን ሳይናገር አያልፍም። ልጅቷ ይህን ስትነግረን ከመካከላችን ዝም ያልን ነበርን። ያ ሸክም በትንሽ ትከሻ ላይ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ገባን።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ሥራ ካለው በ«ሃይቴክ» ብቻ አትልቀቁት። «አንተ የምትሠራው ከፊተኛው ነው፣ ከመካከለኛው ነው ወይስ ከኋለኛው?» በሉት። መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።