ፈረስ አጎቱ የሆነ ጊታር

አሮጌ ጊታር የሚሸጥ ሰው ከዋጋው በፊት የዘር ሐረግ ይቆጥራል። «ይሄ ንጹሕ የሃዋይ ነው» ይላል፣ ሳጥኑን በጣቱ ቆርቆር እያደረገ። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ባለ 12 ክር ይዞርና «ያ ደግሞ ንጹሕ የፖርቱጋል» ይላል። ዋጋው የሚነገረው ከዚህ በኋላ ነው።

ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ ጊታር መግዛት ካማረኝ ቆይቷል። ማሲንቆ ሰምቶ ያደገ ጆሮ ዜማ ሲንሸራተት ደስ ይለዋል፤ በዚህኛው ጊታር ደግሞ ክሩን የሚነካው ጣት ሳይሆን በላዩ ላይ የሚንሸራተት ብረት ነው። ሻጮቹ «ንጹሕ» ባሉኝ ቁጥር ግን አባቷን ሲጠይቋት «ፈረስ አጎቴ ነው» ያለችው በቅሎ ትዝ ትለኛለች። እስቲ ሻጩ የዘለለውን አባት እንጠይቅ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጊታር ሃዋይ የገባው በከብት ሰበብ ነው። በ1793 ጆርጅ ቫንኩቨር የተባለ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ለንጉሥ ካሜሃሜሃ ከብቶች አበረከተ። ንጉሡም ይራቡ ብሎ ማንም እንዳይነካቸው አወጀ። በአዋጅ የተጠበቀ ከብት ምን እንደሚያደርግ ለእኛ አገር ገበሬ መንገር አያስፈልግም፤ ተራቡ፣ ዱር ገቡ፣ የሰው ማሳ እየጣሱ አገር አስለቀሱ። በ1830ዎቹ እነሱን የሚገሩ ፈረሰኛ ከብት ጠባቂዎች ያኔ የሜክሲኮ ግዛት ከነበረችው ካሊፎርኒያ ተጠሩ። ሰዎቹ ገመድ መወርወር አስተማሩ፤ ጊታራቸውንም አስለመዱ። ስለዚህ በቅሎዋ አልዋሸችም ማለት ነው፤ የዚህ ጊታር አጎት በእርግጥም ከፈረስ ጋር ዝምድና አለው።

ሃዋዮች ጊታሩን እንደመጣ አልተዉትም። ክሮቹን አላልተው፣ ምንም ጣት ሳይጫናቸው አብረው ሲመቱ የሚስማሙ አደረጓቸው። ብረት የማንሸራተቱ ነገር የመጣው ከዚህ ቅኝት በኋላ ነው። ባለቤቱ ላዪዬ በተባለች መንደር በ1874 የተወለደው ጆሴፍ ኬኩኩ እንደሆነ በብዛት ይነገራል፤ በ1889 ገደማ፣ ገና ተማሪ ሳለ። በምን ጀመረው ሲባል አንዱ በባቡር ሐዲድ ብሎን ይላል፣ አንዱ በማበጠሪያ፣ ሌላው በቢላ። ጭራሹን «ከኬኩኩ በፊት ገብርኤል ዴቪዮን የሚባል ሕንድ የተወለደ ሰው ነበር» የሚሉም አሉ። እንዲያ ከሆነ «ንጹሕ የሃዋይ» የተባለው ነገር ሕንድ ደርሶ ሊመለስ ነው። ቆይቶም ደርሷል። የሃዋይ ሙዚቀኞች ይዘውት ሄዱ፣ ሕንዶቹ ለራሳቸው ዜማ አበጁት፣ ሕንዳዊው ቪሽዋ ሞሃን ባት ደግሞ በዚያው ዘር በሆነ ጊታር በ1994 ግራሚ ተሸለመበት።

ኬኩኩ በ1904 ከሃዋይ ወጣ፤ በ1932 የሞተውም ኒው ጀርሲ ነው። በ1915 በሳን ፍራንሲስኮው ዓለም አቀፍ ትርኢት አሜሪካኖች በሃዋይ ሙዚቃ አበዱ። እብደት ካለ ሠሪ አይጠፋም። ዛሬ ሰብሳቢ የሚራኮትባቸውን፣ ውስጣቸው እስከ አንገታቸው ድረስ ባዶ የሆኑ ጊታሮች ሎስ አንጀለስ ላይ የሠራው ኸርማን ቫይሰንቦርን ጀርመናዊ ነበር። ከእሱ ቀድሞ ይህን ዓይነት አንገት የሠራው ክሪስ ክኑትሰን የኖርዌይ ተወላጅ ነው። በ1927 ሆዱ ውስጥ ሦስት የብረት ጎድጓዳ የተሸከመውን ጊታር ያወጣው ጆን ዶፒዬራ ስሎቫክ ነው። «መጥበሻው» የሚባለው፣ በ1932 ገበያ የወጣው የሪከንባከር የአሉሚኒየም ጊታርም ጭን ላይ የሚጋደም የሃዋይ ጊታር ነበር። ገበያ ቀንቶት የተሸጠ የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ጊታር እሱ ነው። ዛሬ ቆመው የሚያስጮኹት ወጣቶች ቅድመ አያቱ ተጋድሞ ይመታ እንደነበር የሚያውቁ አይመስለኝም።

ታዲያ የሃዋይ የሚባለው ምኑ ነው? አጨዋወቱ፣ ከዚያም እንጨቱ። ኮዋ የሚባለው ዛፍ አገሩ ሃዋይ ብቻ ነው።

የፖርቱጋሉ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሻጮች «ፖርቱጋሎች ሃዋይ ያስገቡት ይሄን ነው» ሲሉ እሰማለሁ፤ አይደለም። በ1879 ሬቨንስክራግ በተባለች መርከብ ከፖርቱጋል ደሴት ከማዴይራ ሆኖሉሉ የደረሱት አናጢዎች ያስተዋወቁት አራት ክር ያላትን ትንሿን ማሼቴ ነው፤ ኡኩሌሌ የተወለደችው ከእሷ ነው። ባለ 12 ክሩ፣ ፋዶ የሚባለው የፖርቱጋሎች ዘፈን የሚዘፈንበት፣ አገሩ ቀረ። እሱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፖርቶ በኩል ከእንግሊዝ የገባ ጊታር ዘር አለበት፤ አናቱ ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋው መቃኛም የለንደኑን ጊታር ሠሪ የፕሬስተንን ሥራ ተከትሎ የመጣ ነው። (በ1520 ወደ አፄ ልብነ ድንግል በመጡት ፖርቱጋሎች መካከል ኦርጋን መቺ ነበር፤ ጊታር ቢተዉልን ኖሮ ዛሬ «ንጹሕ የሸዋ» ተብሎ ይሸጥ ነበር።)

እንግዲህ ሊገዛ ያሰበ ሰው የሻጩን ታሪክ በትሕትና ያዳምጥ፣ ከዚያ ጊታሩን ይይ። የብረት ጎድጓዳ ያለው ከሆነ አንገቱን ከኋላ ይዳስስ፤ አራት ማዕዘን ከሆነ ለጭን የተሠራ ነው፣ ክብ ከሆነ ደረት ላይ ታቅፎ ለሚመታ ነው። የቫይሰንቦርን ሥራ ስስ ስለሆነ ከባድ ክር ሆዱን ያሳብጠዋል፤ ክሮቹ የታሰሩበት እንጨት ከሳጥኑ መላቀቅ አለመጀመሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ለጀማሪ ግን አዲሱ ቅጂ ይበቃል፤ በአሮጌው ላይ የሚጨመረው ገንዘብ ብዙው ለስሙ ነው። የፖርቱጋሉን የሚፈልግ የሊዝቦን ነው ወይስ የኮይምብራ ብሎ ይጠይቅ፤ የኮይምብራው አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይቃኛል። የመቃኛውን ብሎኖች አንድ በአንድ ያዙር፤ ጥርሳቸው ካለቀ ቅኝት አይይዙም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቀደሙት የፖርቱጋል ጊታሮች ብዙዎቹ ጎናቸውና ጀርባቸው የብራዚል ሮዝውድ ነው፤ የዚህ እንጨት ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1992 ጀምሮ በጥብቅ ተገድቧል፤ ያለ ፈቃድ ድንበር ላይ ሊወረስ ይችላል። ጊታሩን ከሌላ አገር የምታስመጡ ከሆነ ፈቃዱን ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ።