ሆድ ሲብሰው ጉልበትም ይጠየቅ

አንድ ሰው «ሰሞኑን ደብሮኛል፤ ምንም ነገር ደስ አይለኝም» ሲል ሐሳባችን ቶሎ የሚሮጠው ወደ ገንዘብ፣ ወደ ትዳር ወይም ወደ ሰው ዓይን ነው። «ለመሆኑ እንቅልፍ ይወስድሃል?» የሚል ጠያቂ ብዙ አላጋጠመኝም። የአዲስ አበባ ሠራተኛ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ታክሲ ይሰለፋል፤ ማታ 3 ሰዓት ቤቱ ይገባል። ሕፃን ሲነጫነጭ እናቱ «እንቅልፉ መጥቶ ነው» ብላ ታባብለዋለች። ትልቁን ሰው ግን ያንን ርኅራኄ እንነፍገዋለን።

ጫትም እዚሁ ጋ ይነሳል። ምርቃናው እያለ ሁሉ ነገር ይቀላል፤ ሌሊት ግን ዓይን አልከደን ይላል። እንቅልፍ እንዲመጣ ጨብሲ ይጠጣል፤ መጠጡ በተራው እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። በማግሥቱ ድብርት፣ ለድብርቱ ደግሞ እንደገና ጫት። ለመተው የሞከሩ ሰዎች ዱካክን ያውቁታል። እንዲህ የተያዘን ወጣት «ጠባዩ ተበላሸ» ብሎ ማለፍ በደል ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የጨው ነገር ነው። አንገታችን ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ሲጎድላት ሥራዋ ሊዳከም ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ይዝላል፣ ይበርደዋል፣ ይረሳል፣ ይተክዛል። ነገሩ ከድብርት ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል ያለ ደም ምርመራ መለየቱ ይቸግራል። በአገራችን የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝዘው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሆኖም ጨው ምድጃ ዳር ተከፍቶ ከዋለ፣ ወጡም ገና ሲጣድ ከተጨመረ፣ አዮዲኑ ይቀንሳል። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲልም ጣል ይደረግ። የስኳር ሕመምም እንዲሁ ከድብርት ጋር ይያያዛል፤ ሕመምተኛው በድብርት የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል፤ የተከፋ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ቸል ይላል፤ ስኳሩም ይብሳል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው።

የኮንዶሚኒየም ደረጃንስ ማን ከአእምሮ ጤና ጋር አያይዞት ያውቃል? አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም። የማውቃቸው አንዲት እናት ከመሐል ከተማ ወጥተው አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ውሃና መብራትም አለው። ጉልበታቸው ግን ያማቸዋል። መጀመሪያ ገበያ ቀረ፤ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን በየሳምንቱ መሆኑ ቀርቶ በወር አንዴ ሆነ፤ ኋላም እድሩ ያለው የቀድሞ ሰፈራቸው በመሆኑ ለቅሶ መድረስ እንኳ አቃታቸው። ድሮ አቦሉ ሲቀዳ ጎረቤት በአጥር በኩል ይጠሩ ነበር። አሁን ሁለት ሲኒ አቅርበው፣ ልጃቸው ከሥራ እስክትመጣ በረንዳው ላይ ቆመው የሚወጣ የሚገባውን ያያሉ። ምግብ ቀነሱ፤ ጨዋታ ተዉ። ልጆቻቸው «እርጅና ነው» አሉ። አንዱ ዘመድ ጠበል አለ፤ ሌላው አማኑኤል ሆስፒታልን በሹክሹክታ አነሳ። ጠበሉም ሐኪሙም ክብር አላቸው። ግን ማንም ስለ ጉልበታቸው አልጠየቀም፤ ማንም አብሯቸው ቡና ሊጠጣ አራት ፎቅ አልወጣም።

ለድብርት ሕመም መድኃኒት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ሰው በሐኪም ትእዛዝ ይውሰድ። በየሕንፃው ኮሚቴ ያላችሁ ግን፣ ምድር ቤት ያለ ቤት የሚቀይር ከተገኘ አዛውንቶችን አስቀድሙ። የጋራ መገልገያውን ቤትም ለድግስና ለለቅሶ ብቻ አትቆልፉት፤ በሳምንት አንድ ቀን ቡና ይፈላበት። መውረድ ያልቻሉትን ደግሞ፣ ጉልበት ያላችሁ ልጆች፣ ደግፋችሁ አውርዷቸው።