ውስኪው ለቡፌ ነው ወይስ ለሰው?

በእኛ ከተማ ብዙ ቤት ውስጥ ውስኪ ከሚጠጣ ነገር ይልቅ የሚታይ ነገር ነው። ለምርቃት የተሰጠ ወይም ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የመጣ ጠርሙስ መስታወት ባለው ቡፌ ውስጥ ከሠርግ ፎቶ አጠገብ ይቆማል። አቧራው ይወለወላል እንጂ ክዳኑ አይነካም። ስጦታ ስንገዛም ይህንኑ ስለምናውቅ ዓይናችን የሚያርፈው ካርቶኑ ላይና ዋጋው ላይ ነው።

ዘንድሮ ደብሊን የምትኖረው እህቴ ለበዓል ስትመጣ አደራ ጣልኩባት። “ጋሼ” እያልን ያደግንባቸው የአባቴ የቅርብ ጓደኛ 80 ዓመት ሞላቸው። ከአባቴ ጓደኞች በሕይወት ያሉት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ማታ ማታ አንድ መለኪያ ውስኪ እንደሚወዱ እናውቃለን። እህቴ ከሱቁ ደውላ “መደርደሪያው ሙሉ ነው፤ የቱን ላምጣ?” አለችኝ። እኔም ጠርሙሶቹ ላይ የተጻፈውን እንድታነብልኝ ጠየቅኋት።

“አይሪሽ ውስኪ” የሚለው ጽሑፍ ራሱ ብዙ ይናገራል። በሕጉ መሠረት መጠጡ በአየርላንድ ደሴት ላይ ተጣርቶ፣ እዚያው በእንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት። የአልኮል መጠኑም ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም። ስለዚህ ርካሹም ቢሆን እነዚህን አሟልቷል።

ቀጥሎ የሚታየው ዓይነቱ ነው። “ብሌንድ” የተባለው የተለያየ ዓይነት ውስኪ ቅልቅል ነው፤ እኛ አገር በደንብ የሚታወቀው ጄምሰን ከዚህ ይመደባል። ለስላሳ ስለሆነ ብዙ እንግዳ ላለበት ድግስ ይስማማል። “ሲንግል ሞልት” በአንድ ፋብሪካ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ ነው፤ ከሰሜን አየርላንድ የሚመጣው የቡሽሚልስ 10 ዓመት ጥሩ ምሳሌ ነው። “ሲንግል ፖት ስቲል” ደግሞ የአየርላንዶች መለያ ነው። ብቅልና ያልበቀለ ጥሬ ገብስ አንድ ላይ ተጠምቆ ይጣራል። ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው ልዩነቱን ለመገመት አይቸገርም፤ ጥሬው ገብስ አፍ ላይ ወፈር የሚልና ቅመም ቅመም የሚል ጣዕም ይሰጠዋል።

ቁጥሩም አለ። “12 ዓመት” የሚለው በጠርሙሱ ውስጥ ካሉት ውስኪዎች ሁሉ የትንሹን ዕድሜ ነው። የሚቆጠረውም በርሜል ውስጥ ያሳለፈው ጊዜ ብቻ ነው። ቀለሙንና አብዛኛውን ጣዕሙን የሚያገኘው ከእንጨቱ ነውና፣ ጠርሙስ ከገባ በኋላ ዕድሜው እዚያው ይቆማል።

ይህን ማወቄ አንድ ጊዜ ከብዶኛል። አባቴ ታላቅ ወንድሜ ሲመረቅ የተሰጠው የ12 ዓመት ውስኪ ነበረው። “ለደግ ቀን ይቀመጥ” አለ። እህቴ ተዳረች፣ የልጅ ልጆቹ ክርስትና ተነሡ፤ እሱ ግን ሁልጊዜ “ከዚህ የበለጠ ቀን ይመጣል” ይል ነበር። ካረፈ በኋላ ዕቃውን ስናስተካክል ጠርሙሱን እንደታሸገ አገኘነው። እናቴ ይዛው ብዙ ቆየችና “አሁንማ ሠላሳ ዓመት አልፎት ይሆናል” አለች። አሁንም 12 ዓመት መሆኑን ልነግራት አልፈለግሁም። ጠርሙሱ ዛሬም ቡፌዋ ውስጥ አለ፤ ይከፈት አይከፈት የሚለው የእሷ ነው።

ለጋሼ የመረጥነው ሬድብረስት የተባለውን የ12 ዓመት ፖት ስቲል ነው። እንደ ጄምሰን ሁሉ የሚሠራው በኮርክ አውራጃ ሚድልተን ከተማ ነው። ቦርቦን በነበረባቸውና ኦሎሮሶ የሚባለው የስፔን ሼሪ ወይን በነበረባቸው በርሜሎች ስለሚቆይ ዘቢብ ዘቢብ ይላል። እዚያው መደርደሪያ ላይ ከዚህ በጣም የሚወደዱ ነበሩ። ነገር ግን ዋጋው ሲበዛ ጋሼ ሊከፍቱት እንደሚሳሱ አውቃለሁ፤ እኛ ደግሞ እንዲጠጡት ነው የፈለግነው። ከመስጠታችን በፊት ለልጃቸው ደውዬ ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር የማይስማማ እንደሆነ ሐኪማቸውን አስጠየቅሁ። በዚህ ዕድሜ ላለ ሰው ከመለያው ንባብ የሚቀድመው ይህ ነው።

ጠርሙሱን ስናስረክብም “ጋሼ፣ ይህ የሚቀመጥ አይደለም፤ ዛሬ ይባርኩልን” አልናቸው። ሳቁና ከፈቱት። ለራሳቸው ጥቂት ቀዱ፣ ከውኃ ሁለት ሦስት ጠብታ ጨመሩበት፤ ከዚያ እኔና እህቴ ሰምተነው የማናውቀውን የአባታችንን የወጣትነት ጨዋታ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አወጉን።

የተረፈውን እንዴት ላስቀምጥ ለምትሉ፦ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ፣ ጠርሙሱን አቁማችሁ አስቀምጡት። እንደ ወይን ጠርሙስ ማጋደም አያስፈልግም፤ ጠንካራው አልኮል ቡሹን ይጎዳዋል። ከግማሽ በታች የወረደ ጠርሙስ ደግሞ ለዓመታት ሲቆይ አየሩ ጣዕሙን ያደክመዋል። እንግዳ ሲመጣ ቅዱለት።