ስለ ፍሬሽዋተር መንደርና ስለ ወይዘሮ ጁሊያ ካሜሮን የፎቶግራፍ ሥራ

ከእንግሊዝ አገር በስተ ደቡብ ዋይት የምትባል ደሴት አለች። ከሊሚንግተን ወደብ ተሳፍሮ ወደ እርስዋ ለመሻገር ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይበቃል፤ ያርመዝ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ከወረዱ በኋላም ወደ ፍሬሽዋተር መንደር የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። የመንደሩ የባሕር ዳር ገደል ኖራ የመሰለ ነጭ ድንጋይ ነው። ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ደስ የሚያሰኝ ሌላም ነገር አለ፤ በ1908 የተሠራችው የቅድስት አግነስ ቤተ ክርስቲያን ክዳንዋ እንደ ገጠር አብያተ ክርስቲያኖቻችን ሣር ነው። ባየኋት ጊዜ ፊደል የቈጠርሁባትን ደብር አስታወሰችኝና ጥቂት ቆሜ ተመለከትኋት። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ወደዚያ የሄድሁት ግን ዲምቦላ የሚባለውን ቤት ለማየት ነበረ። በዚህ ቤት ከ1860 ጀምሮ ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ኖረውበታል። ስሙን የሰማ ሰው በመቅደላ ታስሮ የነበረውን ቆንሲል ካሜሮንን ያስብ ይሆናል፤ የወይዘሮዪቱ ባል ግን በሕንድ አገር በሕግ ሥራ ያገለገሉ ሌላ ሰው ናቸው። ቤቱን ዲምቦላ ያሉትም በሴይሎን ደሴት በነበራቸው የቡና እርሻ ስም ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፥ ሊፈርስ ታስቦ ሳለ በስማቸው የተቋቋመ ማኅበር አዳነው።

ወይዘሮ ጁሊያ በ1815 በካልካታ ከተማ ተወለዱ። በ1863 በታኅሣሥ ወር፥ ዕድሜያቸው 48 ዓመት ሲሆን፥ ሴት ልጃቸውና አማቻቸው በብቸኝነታቸው መጫወቻ ይሁንልዎ ብለው አንድ የፎቶግራፍ ማንሻ መኪና ሰጧቸው። ያን ጊዜ ወይዘሮዪቱ ከሥራው አንዳች አያውቁም ነበረ። የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል አደረጉት፤ መስታወት የለበሰውን የዶሮዎች ቤት ሥዕል ማንሻ አዳራሽ አደረጉት፤ ዶሮዎቹም አርነት ወጡ። መጀመሪያ ያነሡት የመንደሩን አንድ ገበሬ ነው፤ ለተቀመጠበትም ሰዓት ገንዘብ ከፍለውት ነበረ። ነገር ግን መስታወቱን በሥዕሉ በኩል በእጃቸው ቢነኩት ጠፋባቸው። በጥር ወር 1864 አኒ የምትባል ትንሽ ልጅ አንሥተው ሥዕሉ በመልካም በወጣ ጊዜ፥ ሥራውን የሠራችው ልጅቱ እንጂ እኔ አይደለሁም ብለው እንደሚያስቡ ሰው፥ የምትሸለመውን ነገር ፍለጋ ቤቱን ሁሉ ዞሩት ይባላል።

የዚያ ዘመን ሥራ እንደ ዛሬው ጣት ሲጫኑት የሚያልቅ አልነበረም። በመስታወት ላይ ኮሎዲዮን የሚባል ሙጫ መሰል ፈሳሽ አፍስሰው ብር በገባበት መድኃኒት ይነክሩታል፤ ሳይደርቅም ሥዕሉን አንሥተው በጨለማው ክፍል ማጠብ አለባቸው። የሚነሣውም ሰው ደቂቃዎች ሙሉ ሳይነቃነቅ መቀመጥ አለበት። መድኃኒቱ የወይዘሮዪቱን ጣቶችና የገበታውን ጨርቅ ሁሉ አጠቈረው፤ ይህን የታገሡት ባል ሊመሰገኑ ይገባል እላለሁ። በ1866 ደግሞ 12 በ15 ኢንች መስታወት የሚይዝ ትልቅ መኪና አመጡ። ሥዕሉ የሚታተመው በመስታወቱ ልክ ስለ ነበረ፥ ፊትን ብቻ ቀርበው ሲያነሡ የሰው ፊት በቁመቱ ሊመስል ጥቂት ይቀረው ነበረ።

የሙያው ዐዋቆች ግን ሥዕሉ ጥርት አላለም፥ በጣት አሻራና በጭረት ተበላሽቷል ብለው ነቀፏቸው። እርሳቸው የመኪናውን ዓይን ሲያስተካክሉ የፊቱ ውበት ከታያቸው ቦታ ላይ ያቆሙት ነበርና፥ ከዚያ ወዲያ ለማጥራት አልፈለጉም። በ1867 ታላቁን የከዋክብት ሊቅ ሰር ጆን ሄርሸልን ሲያነሡ ጠጕራቸውን እንዲታጠቡ አደረጓቸውና ሽበታቸው እንደ ብርሃን ተበተነ። ዳርዊንና ባለቅኔው ቴኒሰንም በፊታቸው ተቀምጠዋል። ሊቃውንቱን ብቻም አይደለም፤ የቤታቸውን ገረዶች፥ የጎረቤት ልጆችን ሁሉ ከሥራ እየጠሩ ያነሡ ነበረ። ከነዚህ አንዲቱ ሜሪ ራያን በልጅነትዋ ስትለምን አግኝተዋት ያሳደጉዋት ናት፤ ሥዕልዋን በትርኢት ላይ ያየ ሄንሪ ኮተን የሚባል ጨዋ ልጅ ወደዳትና በ1867 አገባት።

አሁን ወደመጣሁበት ጉዳይ ልመለስ። በ1868 በሐምሌ ወር የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወደዚህ መንደር መጡ። አባታቸው በኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት በመቅደላ ከሞቱ ሦስት ወር ያህል ነበረ፤ እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅም ሠራዊቱ ወደ ባሕር ሲመለስ በመንገድ ዐረፉ። ልዑሉ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ጠባቂያቸው ካፕቴን ስፒዲ፥ አማርኛ የሚያውቀውና ባሻ ፈለቀ የተባለው፥ አብሯቸው ነበረ፤ ወይዘሮ ካሜሮንም ሁለቱን አነሡ። ካፕቴኑን የኢትዮጵያ ልብስ አልብሰው ጦር አስይዘው ያነሡትን አልወደድሁትም፤ የቲያትር ጨዋታ ይመስላል። ልዑሉን ለብቻቸው ያነሡት ግን ሌላ ነው። ፊታቸው ፈገግታ የለበትም። የማያውቁትን ቋንቋ ከምትናገር፥ ጣቶችዋ ከጠቈሩ ሴት ፊት፥ አትነቃነቅ ተብለው ተቀምጠዋል። ከአራት ዓመት በፊት የገበሬውን ሥዕል በእጅዋ ያጠፋች ሴት ይህን ልጅ ባታነሣው ኖሮ በዚያ ወር ምን እንደ መሰለ ማን ይነግረን ነበረ?

ሁለቱም በአንድ ዓመት ሞቱ። ወይዘሮዪቱ በጥር 1879 በሴይሎን፥ ልዑሉ በኅዳር በሊድስ ከተማ በ18 ዓመታቸው። መቃብራቸው በዊንዘር ነው፤ ዐፅማቸው ወደ አገራቸው እንዲመለስ ቢለመንም በ2023 የንጉሡ ቤተ መንግሥት አልፈቀደም።

እኔም ከጽሕፈት ሥራዬ በተረፈው ጊዜ ፎቶግራፍ አነሣለሁ። የሟች እናቴን ያነሣሁት አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ አዲሱን የግቢ በር ለማሳየት ብዬ በሩቅ ስላቆምኋቸው ፊታቸው ከሽንብራ አይበልጥም። ከዋይት ደሴት በተመለስሁ በሳምንቱ፥ ልጆቼን ያሳደጉልንን እማማን ከማድ ቤት ጠርቼ በመስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኋቸው። «ቆይ እስቲ ልጄ፥ ነጠላዬን ልለውጥ» አሉኝ። «አይለውጡት» አልኋቸውና ቀረብሁ። ጢሱ ዓይናቸውን አስለቅሷቸው ነበረ፤ በነጠላቸውም ጫፍ ጠረጉት።