ለታናሽ እኅት የሚሆን መጽሐፍ

የ13 ዓመት እኅቴ ተረትን «የሕፃናት ነው» ብላ ተወችው፤ ለትልልቆች የተጻፈው ምናባዊ ልብ ወለድ ደግሞ በደም መፋሰሱ እንቅልፍ ነሣት። ንባብን ጨርሳ እንዳትጠላ ስለ ሰጋሁ መካከለኛውን ፈለግሁ።

ቶልኪን በ1937 እ.ኤ.አ. ለልጆች ያሳተመውን «ዘ ሆቢት» መረጥሁ። ባለታሪኩ ትንሽና ቤቱን ወዳድ ነው፤ ከጉልበቱ ይልቅ ብልሃቱ ያድነዋል። እንግሊዝኛው ሲከብዳት እየተረጐምሁ አብረን አነበብን። ከወዳጆቹ አንዱ የሚሞትበትን ገጽ ልዝለለው ብዬ አመነታሁ፤ እርስዋ ግን እያለቀሰች «ቀጥል» አለችኝ። ለዕድሜዋ የሚስማማው መጽሐፍ፣ ሐዘን ቢኖርበትም፣ አንባቢውን በመጨረሻ በሰላም ወደ ቤት የሚመልስ መሆኑን ተረዳሁ። በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣውን ረጅሙንና ከባዱን «የቀለበቶች ጌታ» ግን ለኋላ አቆየሁት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ለታናናሾቻችን መጽሐፍ ከመስጠታችን በፊት እኛው እናንብበው።