ቁጥሩን ጠይቀው፣ ከዚያ ሰው ትጠይቃለህ

ቦንጋ አካባቢ ቡና ማድረቂያ ላይ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን «ቲቸር፣ ዛሬ ከአልጋ የተነሳው ቡና እርጥበቱ ከትናንቱ በልጧል፤ የሚያገላብጡትን ልቅጣ?» ብሎ ጻፈልኝ። መልሴ ሌሎቻችሁንም ሊጠቅም ስለሚችል እዚሁ ላድርገው።

አትቅጣ። መጀመሪያ ቁጥሩን ጠይቀው።

ካፋ ውስጥ ቡና ማድረቅ ማለት ከዝናብና ከጉም ጋር መታገል ነው። እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ ካለፈ ይሻግታል፣ ካነሰ ሲፈለፈል ይሰባበራል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ግን ሁለት ቀን አንድ ዓይነት ፀሐይ አይወጣም። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ማለቱ ተፈጥሮው ነው። ታዲያ የትኛው መዋዠቅ የተለመደው ነው? የትኛውስ «አንድ ነገር ተበላሽቷል» የሚል ምልክት?

ይህን በ1924 እ.ኤ.አ. የመለሰው ለስልክ መሣሪያ አምራቹ ዌስተርን ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረው ዋልተር ሸዋርት ነው። ሥራው ደህና በነበረበት ጊዜ የተለኩትን ቁጥሮች ሰብስብ። አማካዩ 11፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.3 ሆነ እንበል። ከአማካዩ ላይና ታች የዚህን ሦስት እጥፍ ሂድና 10.1 እና 11.9 ላይ መስመር አስምር። ሥራው ደህና ከሆነ በአጋጣሚ ብቻ ከመስመር የሚወጣው ከ370 ልኬት አንዱ ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ነጥብ ከወጣ ሩጥ፣ ምክንያት አለው። 11.4 ከሆነ ግን ማንንም አትቆጣ።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ስምንት ቀን በተከታታይ ከ11 በላይ ቢመጣስ? ሁሉም ከ12 በታች ስለሆነ ማንም አይደነግጥም። ሳንቲም ስምንቴ ወርውረህ ስምንቱም ጎፈር ቢሆን ግን ሳንቲሙን አትጠረጥርም? ዕድሉ ከ256 አንድ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እርጥበትም እንደዛው። ወይ አልጋው ላይ ቡናው ወፍሮ ተሰጥቷል፣ ወይ ላስቲኩ ተቀዷል፣ ወይ ዝናቡ ሰንብቷል፣ ወይ መለኪያው ራሱ ተዛብቷል። ያኔ ፈልግ።

በዕድል የተቀጣ ሠራተኛ በሚቀጥለው ቀን ቁጥር ይደብቅሃል። ቁጥር ከተደበቀ ሻጋታውን የምታውቀው ቡናው ጆንያ ከገባ በኋላ ነው፤ ኪሳራው ደግሞ ዓመት ሙሉ የለፋው ገበሬ ጋ ይደርሳል።

አንድ ደብተር፣ አንድ ማስመሪያ፣ አንድ እርሳስ ይበቃል። የሞከራችሁ ግራፋችሁን ኮሜንት ላይ ለጥፉት፤ አብረን እናየዋለን።