የእቶን ጎረቤቶች በሞኖንጋሄላ ሸለቆ

«ፒትስበርግ፤ አረብ ብረት» እያልሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍሁ አላስታውስም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቼ በደብተራቸው ይገለብጡታል፤ በፈተና ቀን ደግሞ ሳያጓድሉ ይመልሱልኛል። እኔም እነርሱም ከተማዪቱን ያወቅናት ይመስለናል። በ2025 ዓ.ም. በክረምቱ ዕረፍት፥ በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር አክስቴን ልጠይቅ በሄድሁ ጊዜ ፒትስበርግ ከእርስዋ ቤት በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ መሆንዋን ሰማሁ። አክስቴ «ምን አለና ነው? እዚያ ዘመድ እንኳ የለን!» ብላ ብትከላከለኝም እንቢ ብዬ አስቸገርኋት፤ በመጨረሻ ድርቆሽና ቆሎ ቋጠረችልኝና ተነሣሁ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንባቢ ሆይ፥ እንደ እኔ ጢስ ሲትጎለጎል ለማየት ጓጉተው ፒትስበርግ ቢገቡ መጀመሪያ ያፍራሉ። ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ የቆሙት ፎቆች መስተዋት ለብሰዋል፤ በየመንገዱ የሚነበበው የሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲ ስም ነው። የዩናይትድ ስቴትስ ስቲል ኩባንያ በ1970ዎቹ መባቻ ያሠራው ባለ 64 ፎቅ ሕንፃ እንኳ በአናቱ ላይ የተጻፈበት የአንድ የሆስፒታል ድርጅት ስም ነው። «ብረቱ የት ሄደ?» ብዬ ያረፍሁበትን ቤት ባለቤት ብጠይቃት በአገጭዋ ወደ ወንዙ ላይኛ ወገን አመለከተችኝ።

ወንዙ ሞኖንጋሄላ ይባላል፤ የአገሩ ሰው አሳጥሮ «ሞን» ይለዋል። እንደ ዓባያችን ወደ ሰሜን የሚፈስስ ነው። ዳርና ዳሩ ገደላማ ስለ ሆነ ከተሞቹ በውሃውና በኮረብታው መካከል ተጣብቀው ይታያሉ። በዚህ ሸለቆ ሥራው አልቆመም፤ ነገር ግን አንድ ፋብሪካ የሚባለው በአንድ ስፍራ የተሰበሰበ አይደለም። በክሌርተን ከተማ የድንጋይ ከሰል አየር በማይገባበት ምድጃ ይጠበስና ኮክ የሚባለው ጠንካራ ነዳጅ ይሆናል። ኮኩ በባቡር ወደ ብራዶክ ይጓዛል፤ በዚያ በኤድጋር ቶምሰን ፋብሪካ ባሉት ሁለት ታላላቅ እቶኖች ከብረት ማዕድኑ ጋር ይነድዳል። ቀጥቃጭ ወናፉን ሲያናፋ አይተው እንደ ሆነ ሥራው ያው ነው፤ የዚህኛው ወናፍ ግን የጋለ ዐውሎ ነፋስ ነው፤ እቶኑም አንድ ጊዜ ከተለኰሰ ለዓመታት ሌሊትና ቀን ይሠራል። የቀለጠው ብረት ወደ አረብ ብረት ተለውጦ በወፍራም ጠፍጣፋ መልክ ከረጋ በኋላ ወደ ዌስት ሚፍሊን ይሄዳል፤ ኧርቪን በተባለው ፋብሪካ እንደ ገና ግሎና ተዳምጦ ላሜራ ይሆንና እንደ ጨርቅ ጣቃ ይጠቀለላል። ከክሌርተን ምድጃ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ በቧንቧ ሄዶ ለሌሎቹ ማገዶ ይሆናቸዋል። ስለዚህ አንዱ ሲታመም የቀሩትም ይተኛሉ።

ወደ ብራዶክ በከተማ አውቶቡስ ሄድሁ። ኤድጋር ቶምሰንን በ1875 ሥራ ያስጀመረው አንድሩ ካርኔጊ ነው። ይኸው ባለጸጋ በአሜሪካ ምድር ካሠራቸው ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያው በ1889 የተከፈተው በዚችው ከተማ ሲሆን፥ ሕንፃው ሠራተኛው ገላውን የሚታጠብበት ክፍልም ነበረው። መጽሐፍ ከመግለጥ በፊት እጅን መታጠብ መልካም ነው፤ እኔም ለተማሪዎቼ የምለው ይህንኑ ነው። በ1920 በብራዶክ ከ20,000 በላይ ሕዝብ ይኖር ነበር፤ በ2020 ሲቆጠር 1,721 ሰው ተገኘ። ይህን አንብቤ ሄጄ ነበር፤ ቁጥር ግን እንደ ዓይን አይሆንም። በዋናው መንገድ የብዙዎቹ ሱቆች መስኮት በጣውላ ተመትቷል። ቤት ፈርሶ ሣር የበቀለበት ቦታ በያለበት ነው። ሆስፒታሉ በ2010 ተዘግቷል። በመንገዱ ጫፍ ግን ፋብሪካው እንደ ጥቁር አምባ ቆሞ ነጭ እንፋሎቱን ወደ ሰማይ ይተነፍሳል።

በአውቶቡስ መቆሚያው አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ፎቶግራፍ ሳነሣ አይተው «ምን አገኘህበት?» አሉኝ። አስተማሪ መሆኔንና አገሬን ነገርኋቸው። ከ30 ዓመት በላይ በዚያ ፋብሪካ የሠሩ ጡረተኛ ኖረዋል። «ከዚህ አይታይም፤ ከእኔ በረንዳ ና» ብለው በኮረብታው ላይ ወዳለው ቤታቸው ወሰዱኝ፤ ቡና አፈሉልኝ፤ (ቡናውን ውሃ አበዙበት እንጂ ልባቸውስ የአገራችን ሰው ልብ ነው።) ከበረንዳው ላይ እቶኖቹ፥ የባቡሩ ሐዲድና ወንዙ እንደ ካርታ ተዘርግተው ይታያሉ።

«ማሻሻል» የሚለውን ቃል ሽማግሌው ሲናገሩት ምሬትም ጸሎትም ያለበት ይመስላል። ነገሩ እንዲህ ነው። በ2019 ኩባንያው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቼ፥ ብረቱ ሳይቋረጥ ከመቀዳት ወደ መዳመጥ የሚያልፍበትን አዲስ መሣሪያ በኤድጋር ቶምሰን እተክላለሁ፤ በክሌርተንም የሚወጣውን ጢስ የሚያሳንስ የኃይል ማመንጫ አቆማለሁ ብሎ አስታወቀ። ብዙ የአካባቢው ሹማምንትና ሠራተኞች በደስታ ተቀበሉት። በ2021 ኩባንያው አሳቤን ትቻለሁ አለ። በአርካንሶ ክፍለ ሀገር ቢግ ሪቨር የተባለውን፥ በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሠራውን አዲስ ፋብሪካ ጠቅልሎ የገዛው በዚያው ዓመት ነበር። «ድግሱ ከተደገሰ በኋላ ሙሽራው የቀረብን ነን» አሉኝ ሽማግሌው።

በ2023 ታኅሣሥ ላይ ኒፖን ስቲል የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዩናይትድ ስቴትስ ስቲልን በ14.9 ቢሊዮን ዶላር ልግዛ ብሎ ተነሣ። በ2024 ደግሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር ያላነሰ ገንዘብ በዚህ ሸለቆ ለአዲስ የመዳመጫ ፋብሪካ አወጣለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ የኧርቪን ፋብሪካ በ1938 የተከፈተ መሆኑን ያስቡ። ከዚህ በኋላ የሆነው ለእኔ ከሁሉ ይልቅ አስደናቂ ነው። የብረት ሠራተኞች ማኅበር አለቆች ተቃወሙ። የምርጫ ዓመት ነበርና ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩትም በሁለቱም ወገን ተቃወሙ። በኤድጋር ቶምሰን ፊት ለፊት የሚኖሩት የቀድሞው የብራዶክ ከንቲባ፥ ሴናተር ጆን ፌተርማን፥ በቤታቸው ጣሪያ ላይ ቆመው ተቃወሙ። የሸለቆው ሠራተኛ ግን ብዙው ከማኅበሩ አለቆች ተለይቶ ደገፈ፤ የክሌርተንና የዌስት ሚፍሊን ከንቲባዎችም አብረውት ቆሙ። በ2024 ሴፕቴምበር 4 ቀን ኩባንያው «ሽያጩ ከፈረሰ እዚህ ያለውን ሥራ አቆም ይሆናል» ባለበት ዕለት፥ ሠራተኞች በዚያ ባለ 64 ፎቅ ሕንፃ ሥር ተሰብስበው ሽያጩ ይጽደቅልን እያሉ ጮኹ። ሠራተኛ ፋብሪካው ለባዕድ ይሸጥልኝ ብሎ ሰልፍ ሲወጣ ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ፕሬዚዳንት ባይደን በ2025 ጃንዩወሪ ከለከሉ፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጁን ፈቀዱ፤ ሽያጩም ጁን 18 ቀን ተፈጸመ።

ሰው ለምን እንዲህ ይለምናል? መልሱን ያገኘሁት በማግሥቱ በእግሬ ስዞር ነው። ሆምስቴድ በ1892 ሠራተኞች ከኩባንያው ቅጥር ዘበኞች ጋር ተታኩሰው ከሁለቱም ወገን ሰው የሞተበት ከተማ ነው፤ ታላቁ ፋብሪካው በ1986 ተዘጋ። ዛሬ በስፍራው የገበያ አዳራሽና የመኪና ማቆሚያ አለ። በመካከሉ አሥራ ሁለት የጡብ ጢስ መውጫዎች ብቻቸውን ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሰው በሥራቸው ጫማና ሸሚዝ ይገዛል።

የዱኬን ነገር ደግሞ ይብሳል። በዱኬን «ዶሮቲ ስድስት» የሚባል እቶን ነበር፤ ስሙ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሚስት ስም ነው። በ1984 ኩባንያው ዘጋው። ሠራተኛውና ጎረቤቱ እቶኑ ገና ደኅና ነው፥ ታድሶ ይሠራ ብለው ተነሡ። ክረምቱ ሲመጣ ቧንቧዎቹ በብርድ ፈንድተው እንዳይበላሹ፥ ሥራቸውን የተቀሙት ሰዎች ያለ ደመወዝ ገብተው እቶኑን ለብርዱ አዘጋጁት። አንባቢዬ፥ ይህን ለአንድ ደቂቃ ይመልከቱልኝ፤ ያባረራቸውን ቤት ጣሪያ ክረምት እንዳያፈርስባቸው ይጠግኑ ነበር። የተቀጠሩት አጥኚዎች አያዋጣም አሉ። በ1988 እቶኑ ተደርምሶ ቁርጥራጭ ብረት ሆነ። የብራዶኩ ሽማግሌ ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበሩ፤ ዱኬን ከወንዙ ማዶ እምብዛም ሩቅ አይደለችም።

እስከዚህ ድረስ እኔም ደጋፊ ሆኜ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ክሌርተን ሄድሁ።

የክሌርተን የኮክ ፋብሪካ በሰሜን አሜሪካ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ከአውቶቡስ ሲወርዱ በመጀመሪያ የሚቀበልዎ ሽታው ነው፤ የተበላሸ እንቁላል ያለበት ቤት የገቡ ይመስልዎታል። ዕለቱ እሑድ ነበርና ከቤተ ክርስቲያን የወጡ አንዲት ሴት ከልጅ ልጃቸው ጋር በጥላ ሥር ቆመው አገኘሁ። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በኪሱ የትንፋሽ መድኃኒት ይዟል፤ አወጣጡን ሳይ አንድ ተማሪ እርሳሱን ከኪሱ የሚያወጣ መሰለኝ። ሐኪሞች በፋብሪካ ጢስ አጠገብ በሚኖሩ የዚህ አውራጃ ልጆች ላይ ባደረጉት ጥናት ከአምስቱ አንዱ ያህል አስም ይዞት ተገኝቷል። በ2018 የገና ዋዜማ እሳት ተነሥቶ ጋዙን ከድኝ የሚያጠራው ክፍል ስለ ተቃጠለ፥ ከ100 ቀን በላይ ጋዙ በወጉ ሳይጠራ ሲነድ ቆየ። እኔ ከመድረሴ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፥ ኦገስት 11 ቀን 2025፥ በዚሁ ፋብሪካ ጋዝ አምልጦ ፈነዳና ሁለት ሠራተኞች ሞቱ፤ ከዐሥር ያላነሱ ቆሰሉ።

«ይዘጋ ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ይዘጋ አላልሁም» አሉኝ ሴትዮዋ። «አባቴም ባሌም የበሉት ከዚያ ነው። ከንቲባው ደግፉ ሲሉም ደግፌአለሁ። ግን ሲያድሱት የዚህን ልጅ ሳንባ ከዕቃው ጋር ይቁጠሩት እንጂ! ጠዋት መስኮቴን የምከፍተው ነፋሱን አይቼ ነው።»

ከዚያ ወደ ወንዙ ላይኛ ወገን ቢሄዱ ዶኖራ አለች። በ1948 ኦክቶበር የዚንክና የብረት ፋብሪካዎች ጢስ ከጉም ጋር ተጣብቆ ለአምስት ቀን በዶኖራ ላይ ተኛ፤ 20 ሰው ሞተ፤ ከ14,000ው ነዋሪ ብዙ ሺው ታመመ። ሸለቆው ይህን ያውቃል፤ ያወቀውን ያህል ግን አይናገረውም።

የታዘብሁትን በግልጽ ልናገር። የተገባው የ1 ቢሊዮን ቃል ለመዳመጫ ነው፤ ልጆቹን የሚያስለው ግን መዳመጫው አይደለም፤ የክሌርተን ምድጃ ነው። እርግጥ ከምድጃዎቹ ረድፎች ሦስቱ፥ ያረጁት፥ በ2023 ተዘግተዋል። አዲሱ ባለቤትም በመላው አገር እስከ 2028 ድረስ 11 ቢሊዮን ዶላር አወጣለሁ ብሏል። ነገር ግን ሕዝቡ ድጋፉን ሲሰጥ ከገንዘቡ ይህን ያህሉ ለምድጃው ማጥሪያ ይሁን፥ በየትምህርት ቤቱ ደጅ አየሩ ይመዘን ብሎ አብሮ ማስጻፍ ይችል ነበር። አለቆቹ የሠራተኛውን ሰልፍ የፈለጉት ለራሳቸው ነገር ነውና፥ በዚያች ሰዓት የሕዝቡ ቃል ዋጋ ነበረው። ያ ዋጋ ሳይጠየቅበት ቀረ።

ይህንኑ በመጨረሻው ምሽት ለሽማግሌው ነገርኋቸው። አልተቆጡም። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «አንተ በእንግድነትህ ትናገራለህ፤ እኔ ዱኬንን አይቻለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «የልጄ ልጅም ያስለዋል» አሉ።

መልስ ስፈልግ ከታች የባቡር ጩኸት ተሰማ። ከክሌርተን ኮክ የጫነው ነው። ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝና ፉርጎዎቹን በከንፈራቸው ይቆጥሩ ጀመር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየምሽቱ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ፉርጎው ሲያንስ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስዳቸውም። መሽቶ ነበርና የእቶኑ ነጸብራቅ በመነጽራቸው ላይ ይታያል። የመጨረሻው ፉርጎ ከሕንፃው ኋላ ሲገባ ቁጥሩን ነገሩኝና፥ ቡና ልድገምህ ብለው ተነሡ።